ማን ላከህ?

አቶ ፀሐዩ በሰልስቱ ዕለት የተናገሩትን የሟቹ የብሩህ እህት እምነት ጀርባዋን ሰጥታ ነው የሰማችው። ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷን ወደ ሴቶቹ አዙራ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣለች። የወንዶቹ አግዳሚ ከኋላዋ ነው።

«ነፍሱን ይማረውና፣ ጎበዝ ደላላ ነበር» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው። አቶ ፀሐዩ አቃቂ ውስጥ የእህል ወፍጮ እየሠሩ የሚሸጡ ሰው ናቸው፤ በመዶሻ ጩኸት ጆሯቸው ስለደከመ ሹክሹክታቸው እንኳ ከሰው ንግግር ይበልጣል። «ዌብሳይት ሠራሁልዎ አለኝ። ዌብሳይቱማ የፎቶ ማስቀመጫ ነው፤ አንድ ሰው አላስገባልኝም። ልጁ ግን በአፉ ያመጣልኝን ሰው ብታይ። ማን ላከህ ስል፣ ብሩህ። ደግሞ ሌላው ይመጣል፣ ማን ላከህ ስል፣ ብሩህ።»

«እኛስ ያንተን ሰምተን አይደል ዌብሳይት ማሠራቱን የተውነው» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት አቶ ሂርጳ።

እምነት የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። በወንድሟ ለቅሶ ላይ ተነስታ ምን ትላለች?

ደላላ። ብሩህን ኮምፒውተር ማንም አላስተማረውም። ሳሪስ ኢንተርኔት ቤት ተቀጥሮ ወለል እየጠረገ፣ ወንበሩ ባዶ ሲሆን እየነካካ የለመደው ነው። ከዚያ ሰፈሩ ተመልሶ ለብረታ ብረት ቤቶች ዌብሳይት ልሥራ አለ። የመጀመሪያው የአቶ ፀሐዩ ነበር። «ያምራል ቢሉኝ ምን ይረባኛል» ይላት ነበር። «አይቶት ስንት ሰው መጥቶ ገዛ? ሥራዬ የሚለካው በዚያ ነው። እሱን ካሳየሁ አቃቂ በሙሉ ይጠራኛል።» አቶ ሂርጳም ለበርና መስኮት ሥራቸው ሊያሠሩት ቃል ገብተው ነበር። ቀሩ። ሌሎቹም እሳቸውን ተከትለው ቀሩ። ብሩህ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ በ2008 ክረምት በኩላሊት በሽታ አልጋ ያዘ፤ ሳያውቅም ሞተ።

ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት የሟቹ ስልክ ጮኸ። እምነት መዝጋት አልሆነላትም፤ ቻርጅ እያደረገች ታስቀምጠው ነበር።

«ፀሐዩ ወፍጮ ነው?» አለ አንድ ሰው።

«ይኼን ቁጥር ከየት አገኙት?»

«ኢንተርኔት ላይ። ከወሊሶ ነው የምደውለው፤ የበቆሎ ወፍጮ ፈልጌ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ መጣላት። ወንድሟ በዚሁ አልጋ ላይ፣ እግሩ አብጦ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ስልኩን ከደረቱ ላይ አንስቶ «ፀሐዩ ወፍጮ፣ ምን ልታዘዝ» ሲል። እሷ «ጣለው እሱን፣ ትንሽ እረፍ» ብላ ስትቆጣው። እሱ ስለ ሞተሩ አስረድቶ፣ መንገዱን ነግሮ፣ በመጨረሻ «ሲደርሱ ብሩህ ላከኝ ይበሏቸው፣ በደንብ ያስተናግዱዎታል» ብሎ ሲዘጋ። ገና ጤነኛ ሳለ ጀምሮ፣ እንግዳው እንዳይንገላታ አስቦ ሁልጊዜ የሚጨምራት ቃል ናት። ይህችው ቃል ናት ጉድ የሠራችው።

ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ ወጣች። ባጃጅ አልጠበቀችም፤ ከሐዲዱ ማዶ ወዳለው ወርክሾፕ በእግሯ ገሰገሰች። አቶ ፀሐዩና አቶ ሂርጳ በሩ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

«እምነትዬ፣ ምነው በሐዘንሽ ወጣሽ? ነይ አረፍ በይ።»

«አልቀመጥም ጋሽ ፀሐዩ። ዌብሳይትዎ ላይ ያለው ስልክ የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ። የማን ሊሆን ነው?»

«የብሩህ ነው። በዚህ ጩኸት መሀል ስልክ አልሰማም፣ ያንተን ቁጥር አስገባ ያሉት እርስዎ ነዎት። አጠገባችሁ ቆሜ ነበር።»

አቶ ፀሐዩ ግንባራቸውን አሹ። «ብዬ ይሆናል። እና?»

«እናማ ያ ሁሉ የመጣልዎት ሰው ዌብሳይቱን አይቶ የደወለ ነው። የገባውን ደንበኛ ሁሉ ‹የት አያችሁን?› ብለው ይጠይቁልኝ ብሎ ለምኖዎት ነበር። እርስዎ ማን ላከህ ይላሉ። ሰዎቹም የላካቸውን ነገሩዎት።»

«ማን ላከህ ማለትማ ወግ ነው። ሰው ያለ ሰው ይመጣል እንዴ?»

አቶ ሂርጳ ብርጭቋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ቆይ አንተ፣ አንድ ሰው አላስገባልኝም አላልከኝም?»

«እኔ ምን አውቄ? ራሱ ልጁ በግልጽ አይነግረኝም ነበር?»

«በየት በኩል ይንገርዎት?» አለች እምነት። «አፉን በከፈተ ቁጥር እሺ ባለፎቶው እያሉ ሲስቁበት። ይኼ አልበቃ ብሎዎት ድንኳኑ ውስጥ ደላላ አሉት። ደላላ ከሆነ ድርሻው የታለ? ከእርስዎም ከሰዎቹም የቀመሰው ነገር ካለ እዚሁ ጋሽ ሂርጳ ፊት ይንገሩኝ።»

አቶ ሂርጳ አንገታቸውን ደፉ። አቶ ፀሐዩ ወደ ወርክሾፑ ውስጥ አዩ፣ ወደ መንገዱ አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«በቃ፣ የሆነው ሆኗል ልጄ። ስልኩን ለእኔ ተይልኝ፤ ደንበኛ እንዳይባክን። ለሰዉም በአርባው ቀን እነግራለሁ።»

ደንበኛ እንዳይባክን። ወንድሟ ሲባክን ማን አየው?

«በሰልስቱ የጮኹትን ያህል በአርባው ይጩኹ» አለች። «ያኔ እሰጥዎታለሁ።»

ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ። አቶ ፀሐዩ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። እምነት ግን እዚያው ፊታቸው ቆማ አነሳችው።

«አዎ፣ ፀሐዩ ወፍጮ ነው። አቃቂ፣ ከሐዲዱ ማዶ። ይምጡ፣ እሳቸውም አሉ፤ በር ላይ ሻይ እየጠጡ ነው።» እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ሲደርሱ ማን ላከህ ይሉዎታል። ብሩህ ይበሏቸው። ጮክ ብለው ይበሉ፤ ጆሯቸው አይሰማም።»