እየሮጠ የሚያለቅስ ዘፈን

«ውስጡ እኮ ሬሳ አለ» አለ ዐወድ፣ ባጃጁን ዳር አቁሞ።

ከኋላ የተቀመጠችው ሜቲ ማንዶሊኗን ጭኗ ላይ እንደያዘች ቀና አለች። ለሰርጉ እየቃኘች የምታንጎራጉረውን የእንግሊዝኛ ዘፈን ነው የሰማት። ዐወድ ባጃጅ ከመያዙ በፊት ስደተኞች ጣቢያ ለፈረንጆች ያስተረጉም ነበር፤ እንግሊዝኛው ሸጋ ነው። በአማርኛ ግን ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል።

«የምን ሬሳ?»

«እናትየው ሞቷል። ልጁ ከሩቅ አገር መጣ፣ በሩ ዝግ ነው። እናቴ የት ሄደ ሲል ጎረቤት ኮረብታውን አሳየው። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ወላሂ፣ አንተ አታውቅም ነበር?»

«ዜማው እንደዚህ እየሮጠ?»

«ምን ላድርግህ ሜቲ፣ ፈረንጆቹ እየሮጡ ነው የሚያለቅሱት።»

አልሳቀችም።

አባቷ፣ ቤተሰቡ ወለጋ ሳለ፣ የሚሲዮኖች ሹፌር ነበር። ፈረንጆቹ አገራቸው ሲገቡ ጊታር፣ ማንዶሊንና ብሉግራስ የሚሉት የገጠር ሙዚቃቸው የተቀዳበት ካሴት ትተውለት ሄዱ። እሱ ሲሞት ጊታሩን ወንድሟ ቢቂላ ወሰደ፣ አሁን የሚኖሩበት የአሶሳ ሰው «የጊታር ልጅ» የሚላትን ማንዶሊን እሷ። የዘፈኑን ቃል ከካሴቱ እንደሰሙት ሸመደዱት። ትርጉሙን የጠየቀ የለም። ዜማው ይዘላል፣ ሰርገኛውም አብሮት ይዘላል።

ከሁሉም ቀድማ ለጭፈራ የምትነሳው እናታቸው ብሪቱ ናት። «ሙሽራዪቱን እንኳን ደስ ያለሽ እያላት ነው» ትላለች፤ ማን እንደነገራት እንጃ። መሃል ላይ «ማዘር» ሲል ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። የእሷ ድርሻ ነዋ።

ዛሬ የምትዳረው የመጨረሻ ልጇ ኢልሊ ናት። ብሪቱ ደግሞ ከሆስፒታል የወጣችው በቅርቡ ነው፤ ልቧ ደክሟል። ሐኪሙ ሜቲን ለብቻዋ ጠርቶ «አስደስቷት» ነው ያላት። ሌላ አልጨመረም።

ሜቲ ስትደርስ ማንጎው ስር ዳሱ ጢም ብሏል። ቢቂላ ጊታሩን አንግቶ ይቁነጠነጣል።

«የት ጠፋሽ አንቺ! ኢልሊ ‹ዘፈኔን› እያለች ነው።»

«ቢቄ፣ ሌላ እንጫወት።»

«ምን ሌላ?»

«የፈለግከውን።»

«ታናሽሽ ቀደመችሽ ብለሽ ቅናት ያዘሽ እንዴ?»

ልትነግረው አፏን ከፈተችና ተወችው። ቢቂላ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሙሉ ልቡን ሰጥቶ ነው የሚዘፍነው። ካወቀ መሃል ላይ ያቋርጠዋል። ወንድሟን ታውቀዋለች።

ወደ እናቷ ሄደች። በመንገዷ ላይ ውሸት አዘጋጅታለች፤ የማንዶሊኗ ክር ተበጥሷል ልትል ነው። ብሪቱ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ጋቢዋን ጉልበቷ ላይ ጥላ ትጠብቃለች።

«ምነው ፊትሽ? ነይ ደግፊኝ፣ ዘፈኔ ሊመጣ ነው።»

ውሸቱ ጠፋባት። ተንበረከከችና ጆሮዋ ስር ተጠጋች። ልጆቿ በኦሮምኛ «ሀርሜ»፣ እናቴ ነው የሚሏት።

«ሀርሜ፣ ዘፈኑ የለቅሶ ነው። አንድ ልጅ እናቱ ሞታበት ነው። እኔ ዛሬ አልዘፍነውም።»

ብሪቱ ኢልሊን አየቻት፣ ከሚዜዎቿ ጋር ትንሾካሾካለች።

«ልጁ ደረሰ?»

«እ?»

«ለቀብሯ። ደረሰ ወይ?»

«አልደረሰም።»

«አይ ልጅ!» አለች ብሪቱ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ የምታወራ ይመስል። ከዚያ የሜቲን የተጣመመ ኮሌታ አቃናችላት። «እናንተ አላችሁ አይደል? ሂጂ ተጫወቺ። ለቢቂላ እንዳትነግሪው፣ ያለቅስና ያበላሸዋል።»

ማይኩ አንድ ነው። እንደዚህ መጫወትን የተማሩት ከካሴቱ ሽፋን ፎቶ ላይ ነው፤ ተራው የደረሰ ጠጋ ይላል፣ ሌላው ፈቀቅ። ቢቂላ ጊታሩን መታ። ሜቲ ተከተለችው። ዳሱ ብድግ አለ።

ብሪቱ ግን አልጨፈረችም። ወንበሩን ተደግፋ ተነሳች፣ ሰዉን በክንዷ እየከፈለች መጣችና መሃላቸው ቆመች። ቢቂላ ግራ ገብቶት በአናቷ ላይ ወደ ማይኩ አዘነበለ። ዓይኑን ጨፍኖ ስለ እርጥቡ አፈር በደስታ ይዘፍናል። «ማዘር» ሲል ብሪቱ የሸሚዙን ጫፍ ያዘች።

የሜቲ ተራ ደረሰ። ማይኩ ጋ ለመድረስ ጉንጯን ከእናቷ ጉንጭ ማስጠጋት ነበረባት። ይሞቃል።

«ፈጠን በይ» አለቻት ብሪቱ።

ሜቲ አፏን ከፈተች።