ሮዝ ነጠብጣብ ያለበት ባትሪ

ባትሪ ሻጩ ጋሽ ሽቦ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው እስኪያዞሩ ጠበቅሁና ከቦርሳዬ የጥፍር ቀለም አወጣሁ። በገዛኋቸው ሁለት ባትሪዎች ጀርባ፣ ከታች ጠርዙ ላይ፣ አንድ አንድ ሮዝ ነጠብጣብ አሳረፍኩ። ክዳኑን ዘግቼ ቀለሙን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። ሲመለሱ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ እንደ ጨዋ ልጅ ቆምኩ።

«ምንድነው የሚሸተኝ?» አሉ አየሩን እያሸተቱ።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ባትሪዎቹ ሱቃቸው ውስጥ ቻርጅ ሲደረጉ ሊያድሩ ነው። በማግስቱ ቤታችን ድረስ አምጥተው ቫኑ ውስጥ ይገጥሙልናል። እስከዚያ ግን ባትሪዎቹና ጋሽ ሽቦ አንድ ጣሪያ ሥር፣ እኔ ሌላ ጣሪያ ሥር ነን። አባዬ ደግሞ ጠዋት ስወጣ በር ድረስ ሸኝቶኝ፣ «ባትሪ ውስጡ አይታይም። ውስጡ የማይታይ ነገር የሚሸጥ ሰው ደግሞ...» ብሎ ሳይጨርስ ትቶት ነበር። አባዬ እንዲህ ነው፤ ክፉ ክፉውን ለሰሚው ይተዋል።

ቫኑ የአባዬ ነው። ሁለት መኝታ፣ መታጠቢያ ገንዳና ትንሽ ማቀዝቀዣ አለው። ሞተሩ እንደ ሽማግሌ እየሳለም ቢሆን ይነሳል፤ የራሱ ባትሪ አለው። መብራቱንና ማቀዝቀዣውን የሚያሠሩት ባትሪዎች ግን ሌሎች ናቸው፤ እነሱ ከሞቱ ቆይተዋል። ይህ አባዬን አስጨንቆት አያውቅም። ጡረታ እስኪወጣ መኪና ቀቢ ስለነበር፣ ለእሱ ቫን ማለት ከውጭ የሚታየው ነው። ዝገት ያሸተተ ቀን እንቅልፍ አይወስደውም። በሩን፣ የበሩን ማጠፊያ፣ የውሃ ቱቦውን፣ የግቢውን ድንጋይ ሳይቀር ይቀባል። እማዬ «እኔም የምተርፈው ስለምንቀሳቀስ ነው» ትላለች።

አዲስ ባትሪ የፈለግነው በእማዬ ምክንያት ነው። እማዬ ስኳር አለባት፤ መርፌዋ ደግሞ ሙቀት አይወድም። ታላቅ እህቷ የምትኖረው ከአገሩ ሌላኛው ጫፍ ነው። ባለፈው በአውቶቡስ ልትጠይቃት ስትሄድ መርፌዋን የያዘችበት በረዶ መንገድ ላይ ቀለጠ፣ መድኃኒቱ ተበላሸ፣ እሷም መናኸሪያ ውስጥ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ አባዬ፣ «መርፌሽ ሳይሞቅ የሚደርስበት መንገድ እስኪገኝ ከዚህ ቤት አትወጪም» ብሎ ጨረሰ። እህቷ ዓይኗ እየደከመ ነው። በየእሁዱ ትደውልና «ፈጽሞ ሳይጨልምብኝ ፊትሽን ልየው» ትላታለች። እማዬ ስልኩን ከዘጋች በኋላ የታጠፈ ልብስ እየፈታች እንደገና ታጥፋለች።

ስለዚህ ባትሪ መምረጡን እኔ ያዝኩት። ሰው ማናገር አይሆንልኝም፤ ማንበብ ግን ይሆንልኛል። አንብቤ የተማርኩት ዋና ነገር የባትሪ መለያ ላይ የሚጻፈው ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ነው። ውስጡ ባዶ ቦታ ያለበት ባትሪ ክብደቱ ያጋልጠዋል ይላሉ። እናም የመታጠቢያ ቤታችንን ሚዛን በዘንቢል ይዤ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። አንዱ ነጋዴ «ይሄ ባትሪ ከአንቺ በላይ ዕድሜ አለው» ሲለኝ ማስፈራሪያ ይሁን ማስታወቂያ አልገባኝም። ሌላው ሚዛኑን ገና ሲያይ ሱቁን ሊዘጋ እንደሆነ ነገረኝ።

ጋሽ ሽቦ ግን ሳቁ። ቅጽል ስማቸው የወጣው ከሥራቸውም ከሰውነታቸውም ነው፤ ቀጭን ናቸው።

«እኔን ልትመዝኚኝ ነው? ተይ፣ ሚዛንሽ ተበላሸ ትያለሽ።»

ባትሪውን ራሳቸው አንስተው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት። ከተጻፈው ጋር ገጠመ። እኔ አስቤ የመጣሁት ቀላሉንና ውዱን፣ ሊቲየሙን ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መኪናው አሮጌ ነው አላልሽም? ሊቲየም ሆዳም ነው፤ የሰጡትን ሁሉ ይውጣል። ያ ሽማግሌ ዲናሞ እሱን ላጠግብ ሲል ይቃጠላል። መሐል የሚገባ መቆጣጠሪያ ጨምረሽ፣ ቻርጀሩንም ለውጠሽ ከሆነ ጥሩ። አለበለዚያ ከባዱን፣ የእርሳሱን ውሰጂ። ሁለት መንትያ፣ አንድ ቀን የተወለዱ። አንዱ አሮጌ ከሆነ አዲሱን ይዞት ይሞታል።»

ያነበብኩትም እንደዚሁ ይላል። ቢሆንም ልቤ አልረጋም። ርካሹን የሚመክር ነጋዴ ምን ፈልጎ ነው? መንገድ ላይ ሳስበው ቆየሁና መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ፦ ከመንትዮቹ አንዱን አሮጌ ቢያደርጉት ማን ያውቃል? ክብደቱ ያው ነው። ልከፍል ስመለስ የጥፍር ቀለሙን ይዤ የሄድኩት ለዚህ ነው።

በማግስቱ ጋሽ ሽቦ በጠዋት መጡ። የቫኑን መቀመጫ አንስተው ከሥሩ ያለውን ወለል በሽቦ ብሩሽ ፍቀው አነጡት።

«ይሄ ለምንድነው?» አልኩ።

«ለመመለሻው። ኤሌክትሪኩ በቀዩ ሽቦ ወደ ማቀዝቀዣው ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን የሚመጣው በራሱ በመኪናው ብረት ነው። እዚህ ጋ ነው ብረቱንና ባትሪውን የማጋባቸው። ለጋብቻ ደግሞ መታጠብ ያስፈልጋል።»

ቀጥሎ መሣሪያ ሣጥናቸውን በረበሩና የገዛ ግንባራቸውን መቱ። የሽቦውን ጫፍ የሚይዘው የመዳብ ቀለበት ሱቅ ቀርቷል። «መጣሁ» ብለው ወጡ።

ባትሪዎቹ ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ የመጀመሪያውን ጀርባ አየሁ። ሮዟ ነጠብጣብ አለች። ሁለተኛውን አዞርኩት። ነጠብጣብ የለም። በቦታው በሹል ነገር የተጫረ መስቀለኛ መስመር ብቻ።

ለማንም ሳልናገር ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። መስተዋቱ ውስጥ «ጋሼ፣ ይህ ባትሪ የኔ አይደለም» ማለትን ተለማመድኩ። ስወጣ እሳቸው ተመልሰው መቀመጫው ሥር ተንጋለዋል፤ ብሎኑ ታስሯል። አባዬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዳር ቆሟል። ግቢው ቀለም ቀለም ይሸታል፤ ግን የኛ ግቢ ሁልጊዜም እንዲያ ስለሚሸት ልብ አላልኩትም። የተለማመድኩትን ትቼ መፍቻውን ተቀበልኳቸው። ማቀዝቀዣው ተነሳና ማጓራት ጀመረ፤ ጋሽ ሽቦም መርቀውን ሄዱ።

የውሃ ጠርሙስ ከነሙቀት መለኪያው ማቀዝቀዣው ውስጥ አስገብቼ አሳደርኩ። ጠዋት ስከፍተው ውሃው ለብ ብሏል። ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ቀዩ መብራቱ ይርገበገባል። የኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትሬን አምጥቼ ባትሪዎቹን ለካሁ፦ ሙሉ ናቸው። ይህ ደግሞ የባሰ ነው። አሮጌ ባትሪ ሥራ ሳይሰጡት ሙሉ መስሎ እንደሚቀመጥ፣ ሲያዙት ግን እንደሚወድቅ አንብቤአለሁ።

«አልኩሽ አይደል!» አለ አባዬ። ደስ ያለው ይመስል ነበር። «ሰውዬው ፊቱ ራሱ ሾርት ያደረገ ሽቦ ነው።»

እማዬ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ተከትያት ብሄድ፣ ለመንገድ ያዘጋጀችውን ቀሚስ ከሻንጣው አውጥታ ቁምሳጥን ውስጥ እየሰቀለች ነው። እህቷ ትወደዋለች የምትለው ቀሚስ ነው።

ስልክ ደወልኩ። እኔ፣ ስልክ።

ጋሽ ሽቦ ሲደርሱ ሦስታችንም ግቢው ውስጥ ቆመን ጠበቅናቸው። አባዬ ክንዱን አጣጥፏል።

«ጋሼ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። «ጋሼ፣ አንደኛው ባትሪ እኔ የገዛሁት አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ምልክት... አድርጌበት ነበር።»

ፊታቸው ቀስ እያለ ፈካ።

«ሮዟን ነው? አንቺ ልጅ! እኔም እኮ ምልክት አለኝ። ሰው አዲሱን ከእኔ ይገዛና፣ ሰንብቶ የጎረቤቱን ባትሪ ሬሳ ተሸክሞ "ሞተብኝ፣ ለውጥልኝ" ይለኛል። ስለዚህ ሳልጭርበት ባትሪ ከሱቄ አይወጣም። ማታ ልጭር ስል አንዱ ላይ ሮዝ ነገር አገኘሁ። ቆሻሻ መስሎኝ ፍቄ ጣልኩትና በላዩ ጫርኩ። ሁለተኛውን ባዞር፣ እዚያው ቦታ ላይ ያችው ሮዝ! ያኔ ገባኝ። ተውኩልሽ።»

«ተረት» አለ አባዬ።

ቫኑ ውስጥ ገብቼ ነጠብጣብ ያለበትን ባትሪ እንደገና አየሁ። ከሮዟ ጎን፣ ያው መስቀለኛ መስመር ተጭሯል። የመጀመሪያ ቀን ሮዟን ካየሁ በኋላ ሌላ ነገር አልፈለግሁም ነበር። ያም ሆኖ አላመንኩም። ሁለት ባትሪ ላይ መስቀል መጫር ለማን ያቅታል?

«ማቀዝቀዣው ግን ሞቷል» አልኩ።

«እንለካዋ። ሜትሩን አንቺው ያዢ። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፤ አባትሽ ይጠብቁኝ።» እውነትም ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

እማዬ ማቀዝቀዣውን አስነሳች። መጀመሪያ ባትሪዎቹን ለካሁ፤ ማቀዝቀዣው እያጓራም ቁጥራቸው ንቅንቅ አላለም። አሮጌ ባትሪ እንዲህ አይደለም። ቀጥዬ ማቀዝቀዣው ጀርባ ለካሁ። እዚያ ግን ቁጥሩ ቁልቁል ወርዷል፤ ሳልጨርስ ቀዩ መብራት በራና ሞተሩ ቀጥ አለ።

«ከቤት ሙሉ ወጥቶ ጎድሎ ይደርሳል» አሉ ጋሽ ሽቦ። ሳቃቸው ጠፍቷል። «መንገድ ላይ የሚበላው አለ። ድገሚው። አሁን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የመኪናው ብረት ላይ፣ ቀለም የሌለበት ቦታ ፈልጊ።»

ቀለም የሌለበት ቦታ! በአባዬ ቫን! በመጨረሻ የበሩ መቀርቀሪያ ሲፋተግ የላጠው ጠባብ መስመር አገኘሁ። እማዬ ማቀዝቀዣውን እንደገና አስነሳች። ባትሪውና ብረቱ ከተጋቡ በመሐላቸው ምንም ቁጥር መታየት አልነበረበትም። ሜትሩ ላይ ግን ቁጥር ቆመ፤ የሚበላው እዚህ ነው። ለጋሽ ሽቦ አሳየኋቸው።

እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እያሉ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ብሎኑን ፈቱትና ቀለበቱን አነሱ። ከሥሩ ወለሉ ያብለጨልጫል፤ እንደታጠበ ብረት። በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ብርማው ነገር እንደ ቆዳ ተልጦ ጥፍራቸው ሥር ገባ።

ልጣጩን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱትና ቀስ ብለው ወደ አባዬ ዞሩ።

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥሬ ብረት ትተህ ሄድክ» አለ። «እርቃኑን! መቀመጫው ሥር ደግሞ እርጥበት አለ። ዝም ልበል? ሁለት ዙር ቀለም ነው ያለበስኩት፣ ቶሎ የሚደርቀውን።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የፋቅሁት ብረት መስሎኝ ነው ያሰርኩበት!»

«ብርማ ነው» አለ አባዬ፤ በዚያ ሰዓት እንኳ መኩራቱን አልተወም። «ጥሩውን ዓይነት። ከብረት አይለይም።»

እማዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። «የባትሪ ውስጡ አይታይም ስትል ከርመህ የብረቱን ፊት ሸፈንከው?»

አባዬ ሄዶ የግቢውን ድንጋይ መመርመር ጀመረ። ጋሽ ሽቦ ብረቱን እስኪነጣ ፋቁት፤ በዚህ ጊዜ ከቦታው ሳይነሱ፣ ዓይናቸውንም ሳይነቅሉ አሰሩት። ከታሰረ በኋላ ብቻ «ጋሼ፣ አሁን ከላይ ይቀቡልን» አሉ። አባዬ ብሩሹን ይዞ ሲመጣ ጋሽ ሽቦ ጎኑ ቁጢጥ ብለው ጠበቁት፤ ብሩሹ ብሎኑን አልፎ በሄደ ቁጥር ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

ሊወጡ ሲሉ በር ድረስ ሸኘኋቸው። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «ከመንገድ ስትመለሱ መጥቼ መስቀሌን አያታለሁ። እኔም አላምንሽም።» ሳቅሁ፤ ድምፅ አውጥቼ።

በማግስቱ ጠዋት ጠርሙሱ ላብ አውጥቶ ጠበቀን። እማዬ ሙቀት መለኪያውን ራሷ አነበበች፣ ለእኔ ሰጠችኝ፣ ተቀብላኝ እንደገና አነበበች። ከቤት መድኃኒቷን አምጥታ ማቀዝቀዣው ውስጥ አንድ በአንድ ደረደረችና በሩን ዘጋች። ጥቂት ቆማ፣ እየዋሸ ያለን ሰው እጅ ከፍንጅ ልትይዝ ይመስል፣ ድንገት ከፈተችው። ቀዝቃዛው አየር ፊቷ ላይ ነፈሰ።

ቀሚሱን ከቁምሳጥን አወረደች። እሁድ አልነበረም፤ ቢሆንም ስልኩን አንስታ ደወለች።

«እህት ዓለም» አለች፣ «ዓይንሽን ጠብቂልኝ፤ መንገድ ልጀምር ነው።»