ሙሉ ክኒን

ልብስ ሰፊ ጨርቅ ይቆርጣል እንጂ ክኒን ይቆርጣል ብሎ ማን ያስባል? ሀሰን ግን ቆረጠ። በየአስራ አምስት ቀኑ ሰኞ ጠዋት፣ ማይ ጭሆት ሰፈር፣ የአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ያለችውን ጠባብ ሱቁን ገና ከመክፈቱ፣ ጎረቤቱ ኣደይ ለተሰንበት (ኣደይ 'እናቴ' ማለት ነው) ነጠላቸውን አጣፍተው ከች ይላሉ። ከጉያቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ስፌት መኪናው ላይ ያስቀምጣሉ። ሀሰንም ክር የሚበጥስበትን ምላጭ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ ሰባቱን የደም ግፊት ክኒን አንድ በአንድ ለሁለት ይከፍላል። ሐኪሙ "በየቀኑ አንድ ሙሉ፣ ዕድሜ ልክ" ብሎ ነበር ያዘዘው። ሐኪሙ ምን አለበት? ማዘዝ ነው።

የኣደይ ለተሰንበት ባል የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሲሞቱ የተዉላቸው አንዲት ጡረታ ናት። ጡረታዋ ባለችበት ቆማ ቀረች፣ የመድኃኒቱ ዋጋ ግን ነጻነት በመጣ በዓመቱም ወደ ላይ መውጣቱን አልተወም። የቤት ኪራይ ተከፍሎ፣ ዱቄት ተገዝቶ የሚተርፈው ለሁለት ሳምንት ሰባት ክኒን ብቻ ይገዛል። ሰባቱ ሲከፈል ለአስራ አራት ቀን ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሲገፉ አንድ ሰኞ መጡና፣

"ዛሬስ ለአራት ክፈልልኝ፣ ሀሰን ሓወይ" አሉት፣ ወንድሜ ማለታቸው ነው።

"እንዴ! ኣደይ፣ ይሄ እኮ ከረሜላ አይደለም!"

"አውቃለሁ። ክፈል።"

ሀሰን ቀና ብሎ አያቸው። እግራቸው አብጦ ከጫማቸው አፍ ተርፏል። የበሩን መቃን ይዘው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። አዘነ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደ። ሀሰን ሲያዝን የሚናደድ ሰው ነው፣ ምን ይደረግ።

"አልከፍልም! ወላሂ አልከፍልም። ሰው በሩብ ክኒን ይኖራል? ስንት ጊዜ ነገርኩዎት፣ ከሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ወረቀት ያውጡ። አቅም የሌለው ጡረተኛ ያቺን ወረቀት ከያዘ የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት በነጻ ይሰጠዋል።"

"የድሃ ወረቀት!" አሉ ኣደይ ለተሰንበት፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው። "ነገ ልጄ ሲመጣ 'እናትህ የድሃ ወረቀት ይዛ ስትዞር ነበር' ይበሉት? እኔ ለራሴ ነፍስ ሳስቼ የምውጠው መሰለህ እንዴ? ፍረዘጊ ሲመጣ በር የሚከፍትለት ይኑር ብዬ ነው።"

ሀሰን ምላጩን መልሶ አስቀመጠ።

ፍረዘጊ አንድ ልጃቸው ነው። በአስራ ሰባት ዓመቱ ከቤት ወጥቶ ለነጻነት ሊታገል ሜዳ ከገባ አስራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ታጋዮቹ ከተማ የገቡ ጊዜ ኣደይ ለተሰንበት ሦስት ቀን ሙሉ መንገድ ዳር ቆመው በእያንዳንዱ መኪና የተጫነውን ታጋይ ፊት አንድ በአንድ አይተዋል። ከዚያ ወዲህ የውጭ በራቸው አይቆለፍም። ይመጣል ነው የሚሉት። ሰፈሩም አብሮ ይመጣል ይላል።

ሀሰን ግን ያውቃል። ባለፈው ጥር ኣስገዶም የሚባል ታጋይ ሱሪ ሊያስጠብብ መጥቶ፣ ኣደይ ለተሰንበት ሰላምታ ሰጥተውት ሲያልፉ፣ ማን እንደሆኑ ጠየቀ። ሀሰንም ነገረው። ሰውየው ፊቱ ልውጥ አለ። "ፍረዘጊ ከአጠገቤ ነው የወደቀው፣ አምስት ዓመት ሆነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በይፋ እስኪነገር ድረስ ለቤተሰብ መንገር አይፈቀድልንም። አንተም ሆድ ይፍጀው በል።" ሱሪውን ይዞ ሄደ፣ ጭነቱን ለሀሰን አራግፎለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሀሰን ኣደይ ለተሰንበትን ባየ ቁጥር ወደ ስፌቱ ያጎነብሳል። ነጻነት ሲመጣ የአገሩ የወሎ ሰዎች አብዛኞቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ እሱ ሠላሳ ዓመት የኖረበትን ሰፈር ትቼ የት እሄዳለሁ ብሎ የቀረ ሰው ነው። ይሄ ምስጢር ግን አንዳንድ ቀን በሄድኩ ኖሮ አሰኝቶታል።

"በር ለመክፈት ከሆነ" አለ በመጨረሻ፣ ወደ ክኒኖቹ እያየ፣ "በሩብ ክኒን እስከ በሩ አይደርሱም። ሙሉውን መዋጥ አለብዎት።"

ኣደይ ለተሰንበት እግራቸውን ተመለከቱ። "ሕራይ" አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው። "እንግዲያስ ምስክሬ አንተ ነህ። የሚያውቀኝ ጎረቤት ያስፈልጋል ተብያለሁ።"

ኧረ ጉድ ፈላ! ይሄን አላሰበም፤ ስለ ልጁ ቢጠየቅስ?

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የተቀበለቻቸው ፍዮሪ የምትባል ታጋይ ነች፤ ጸጉሯ አጭር፣ እግሯ ላይ አሁንም የሜዳው የፕላስቲክ ጫማ። ኣደይ ለተሰንበትን ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ስም ጠየቀች፣ ጻፈች። ጡረታ ጠየቀች፣ ጻፈች። ከዚያ፣

"ጧሪ ልጅ አለዎት፣ ኣደይ?"

"እወ፣ አለኝ። ፍረዘጊ።"

"የት ነው?"

"ሜዳ ነው። ይመጣል።"

የፍዮሪ ብዕር ቆመ። ልጅ ያለው ሰው ወረቀቱ አይሰጠውም፣ ልጁ ታጋይ ከሆነ ደግሞ ከጦር ክፍሉ ደብዳቤ ይምጣ ይላል መመሪያው አለች። ይሄን ስትናገር ራሷም አልጣማትም፣ ያስታውቅባታል። ኣደይ ለተሰንበት ደብዳቤ ከየት ያመጣሉ? ልጁ የለም ብለው ቢናገሩ መድኃኒቱ ዛሬውኑ በእጃቸው ነው። እሳቸው ግን ከሚሉት ቢሞቱ ይመርጣሉ።

"ምስክሩ እስቲ ይናገር" አለች ፍዮሪ ወደ ሀሰን ዞራ። "ልጅ አላቸው?"

"እኔ የማውቀው" አለ ሀሰን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ቤታቸው ውስጥ የሚጦራቸው ሰው እንደሌለ ነው።"

"እሱን አልጠየቅኩህም። ልጁ አለ ወይ?"

"ንገራት እንጂ!" አሉ ኣደይ ለተሰንበት። "ምን ያፍዝሃል? ፍረዘጊን በእጅህ ነው ሱሪ የሰፋህለት!"

ሀሰን አለ ቢል መድኃኒቱ ይቀራል። የለም ቢል በር ለመክፈት ብለው የሚኖሩ ሴትዮ ከዚህ ወንበር ተነስተው አንዲት ክኒን አይውጡም። ፍዮሪን ቀጥ ብሎ ዓይን ዓይኗን አያት፣ ቃልም አልተነፈሰ። እሷም አየችው። ዝምታውን ታውቀዋለች፣ ራሷም ስንት እናት ፊት ዝም ብላ ይሆናል። ቀስ ብላ ብዕሯን አነሳችና ባዶ ቦታው ላይ አንዲት አጭር ነገር ጻፈች፤ ማኅተሙንም መታችበት።

"ይኸው፣ ኣደይ። መድኃኒቱን ይሰጡዎታል።"

"የቐንየለይ፣ ጓለይ" አሉ ኣደይ ለተሰንበት፣ ልጄ ብለው እያመሰገኑ። መንገድ ላይ እንደወጡ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። ፊደል አልቆጠሩም። ወረቀቱን ለሀሰን ዘረጉለት።

"ምን ብላ ጻፈች? አንብብልኝ።"

"ጧሪ ልጅ፦ የለም" ይላል ወረቀቱ። ሌላ ምንም አይልም። ሀሰን መነጽሩን አወጣ፣ ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ።

"'የእኚህ እናት ልጅ ታጋይ ፍረዘጊ ከሜዳ እስኪመጣ ድረስ፣ በየወሩ መድኃኒታቸውን ሳይከፍሉ እንዲወስዱ ይደረግ' ይላል።"

ኣደይ ለተሰንበት አንገታቸውን አስግገው የተጻፈችውን አዩ።

"ይሄ ሁሉ እዚህች ላይ?"

"ፊደል አይደል ኣደይ፣ ያጥራል።"

"እንዲያ ነው?" አሉና ወረቀቱን አጥፈው ጉያቸው ከተቱት።

ያን ቀን ሠላሳ ክኒን ተሰጣቸው። ምላጩ ወደ ክሩ ተመለሰ። ወር ሳይሞላ የእግራቸው እብጠት ጎደለ፣ ሁለት ወር ሲሆነው እስከ ቤት ጊዮርጊስ ወጥተው ተሳልመው መጡ። በየጠዋቱ በሱቁ በር ሲያልፉ "ሙሉ ዋጥኩ!" ይሉታል ከሰላምታ በፊት። ሀሰን ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ዋሾ ነህ ይላል ለራሱ፣ አሮጊት የምታታልል ዋሾ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የተሰዉት ስም ይፋ ሆነ። ቤተሰብ በየሰፈሩ ጽሕፈት ቤት እየተጠራ የመርዶውን ወረቀት ይቀበል ጀመር። የዚያን ዕለት ማይ ጭሆት ውስጥ ለቅሶ ያልተሰማበት መንገድ አልነበረም። ሀሰን ሱቁን ከፈተ እንጂ መርፌ አልነካም። ሦስት ሰዓት ላይ ኣደይ ለተሰንበት ገቡ። የደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ፖስታውን ስፌት መኪናው ላይ፣ ድሮ ክኒኑን በሚያስቀምጡበት ቦታ አስቀመጡት።

"አንብብልኝ።"

"ፍዮሪ አላነበበችልዎትም?"

"ላንብብልዎት ብላኝ ነበር። ኣይፋልን፣ አንባቢ አለኝ አልኳት።"

ሀሰን ወረቀቱን አወጣ። ስሙ አለ፣ ቀኑም አለ። መስመሮቹ ዓይኑ ላይ ተንቀጠቀጡ። ሌላ ነገር ፈልጎ ለማንበብ አፉን ከፈተ፣ ኣደይ ለተሰንበት እጃቸውን እጁ ላይ አደረጉ።

"ሀሰን ሓወይ፣ ያቺን አጭሯን ወረቀት አስረዝመህ አነበብክልኝ። እግዜር ይስጥህ፣ ይሄው በእሷ ኖሬያለሁ። ይሄንን ግን የተጻፈውን ብቻ አንብብልኝ።"

አነበበላቸው። የተጻፈውን ብቻ። ቀኑን እንደገና አስነበቡት፣ አምስት ዓመት ማለፉን በጣታቸው ቆጠሩ። አልጮኹም። ያለቀሰው ሀሰን ነው፤ መነጽሩን ሳያወልቅ፣ እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቀ።

ከዚያ ኣደይ ለተሰንበት ከጉያቸው የተጠቀለለችውን ወረቀት አወጡ። አንዲት ሙሉ ክኒን መዳፋቸው ላይ አኖሩና አዩዋት። የዛሬዋን አልዋጡም። ሀሰን ደነገጠ። ይዋጧት ሊል ፈለገ፣ ግን ለምን ብሎ ይላል? የሚመጣ ሰው የለ።

"ዛሬ ለቀስተኛ ይመጣል" አሉ። "ፍረዘጊን ብሎ የሚመጣ ሰው በሬ ላይ ቆሞ መመለስ የለበትም። በር የሚከፍት ያስፈልጋል።" ቀና ብለው አዩት። "ምን ታለቅሳለህ፣ ውሃ ስጠኝ እንጂ!"