የአቶ ገሰሰ ቀለም

ወለላ የዝውውር ፈቃድ ስታገኝ የፎገራ ሩዝ ገና ቡቃያ ነበር። አሁን ቢጫ ሆኖ አጎንብሷል፤ እሷ ግን እዚያው ወረታ፣ እዚያው መሥሪያ ቤት፣ እዚያው ወንበር ላይ ናት። ደክሟታል። ተኝተው ቢነሱ የማይለቅ፣ ዛሬ ነገ በተባለ ቁጥር የሚጠራቀም ድካም ነው።

ልጇ ቢታንያ ፍኖተ ሰላም ከአያቷ ዘንድ ታድጋለች። ወለላ ለሥራ ወደ ወረታ ስትመጣ ልጅቱ ጡት መጣሏ ነበር፤ ዛሬ የወለቀ ጥርሷን ጣሪያ ላይ የምትወረውር ሆናለች። ፍኖተ ሰላም ያለው መሥሪያ ቤት ወለላን ሊቀበላት ተስማምቷል፤ እስከ ኅዳር ሚካኤል ካልደረሰች ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። የቀራት በእጇ ያለውን ንብረት ማስረከቧን የሚመሰክረው ክሊራንስ ብቻ ነው። ክሊራንሱን ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ይዞባታል።

ነገሩ የተበላሸው ኃላፊው አቶ ሸዋዓለም ከስብሰባ የተመለሱ ዕለት ነው። ስብሰባው ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት ነበርና እሳቸውም የሚያቀላጥፉት ነገር ሲፈልጉ ዓይናቸው ወለላ የምትሠራበት ኮምፒውተር ላይ ዐረፈ። አዝጋሚ ቢሆንም ይሠራ ነበር እኮ። ታደለ የሚባል የጥገና ባለሙያ ከባሕር ዳር ተጠርቶ መጣ፤ አሮጌውን ማዘርቦርድ አውጥቶ አዲስ ገጠመ፣ ሚሞሪ ጨመረ፣ «አሁን እንደ ፈረስ ይጋልባል» ብሎ ተመለሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የእኛዎቹ ማፍሰሱን ቻሉበት፤ ለቀማው ለወለላ ተረፈ።

በነጋታው ኮምፒውተሩ ሲከፈት አላስገባም አለ። ዊንዶውሱ ፈቃዱን ያገኘው ከአሮጌው ማዘርቦርድ ጋር ነውና አካሉ ሲለወጥበት ሰርቀው ሌላ ማሽን ላይ የጫኑት መሰለው። ፈቃድ እንዳለው እንደገና ካልተረጋገጠለት ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ለማረጋገጥ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፍ የሚባለው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፣ ከሳጥኑ ጎን በምትለጠፍ ትንሽ ወረቀት ላይ ታትሞ ይመጣል።

ወለላ ሳጥኑን አዙራ አየች። ወረቀቷ ባለችበት ቦታ ላይ ነጭ የዘይት ቀለም ተለቅልቆ፣ በነጩ ላይ በቀይ የንብረት ቁጥር ተጽፎበታል።

የአቶ ገሰሰ እጅ ነው። አቶ ገሰሰ የንብረት ክፍሉ ሹም ናቸው፤ በዚያ ግቢ ከእሳቸው ብሩሽ ያመለጠ ነገር የለም። ወንበሩ ቁጥር አለው፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ቁጥር አለው፣ የባንዲራው እንጨት ሳይቀር ቁጥር አለው። ኮምፒውተሩ ከአንድ ፕሮጀክት በስጦታ የመጣ ዕለት ጥቁሩን ሳጥን ሲያገላብጡ አንዲት ነጣ ያለች አራት ማዕዘን ወረቀት አገኙ። ፈረንጆቹ ለንብረት ቁጥር አስበው ያዘጋጁላቸው መሰላቸውና በልባቸው አመሰገኑ።

ወለላ ታደለ ዘንድ ደወለች። «ምን ያስጨንቅሻል፣ ኮፒ ዊንዶውስ እጭንልሻለሁ፤ አገሩ ሁሉ ኮፒ አይደለም እንዴ» አላት። እውነቱን ነው፣ አገሩ ሁሉ ኮፒ ነበር። አቶ ገሰሰ ግን አሻፈረኝ አሉ።

«ተይ ልጀ። እኔ ያስረከብሁሽ ኦርጅናል ነው፤ የምታስረክቢኝም ኦርጅናል ይሆናል።»

«ቁልፉን እኮ የቀቡበት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

«እኔ ንብረት ነው የቆጠርሁ» አሉና መጋዘናቸውን ቆለፉ።

እሑድ እሑድ ቢታንያ በአያቷ ስልክ ትደውላለች። «እማየ፣ መቼ ነው የምትመጭ?» ትላለች። መጀመሪያ መልሱ «ተተኪ ሲገኝ» ነበር፤ ቀጥሎ «ማኅተም የያዘው ሰውየ ከሥልጠና ሲመለስ» ሆነ፤ አሁን ደግሞ «ኮምፒውተሩ ሲሠራ»። ዝውውሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነባት። ከሁሉ የሚያቃጥላት ልጅቱ ማልቀስ መተዋ ነው። ድሮ «ነይ» ብላ ታለቅስ ነበር፤ አሁን «እሽ» ብላ ስልኩን ለአያቷ ታቀብላለች።

ኅዳር ሚካኤል አንድ ሳምንት ሲቀረው ወለላ መጋዘኑ ደጃፍ ሄዳ ቆመች። ልትቆጣ ነበር አካሄዷ፤ ቁጣውም ደክሟት ኖሮ እንባ ቀደማት። «ጋሼ፣ ልጀ እኔን መጠበቅ ተወች» አለች። አቶ ገሰሰ የቁልፍ ዘለላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። አላባበሏትም። ማባበል የሚያውቁ ሰው አይደሉም።

በማግሥቱ ጠዋት ግን ከእሷ ቀድመው ቢሮዋ ደርሰው አገኘቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ቀለም የሚያቀጥኑበት አኳራጅ በብርጭቆ፣ ጥጥ፣ የንባብ መነጽራቸውም ተደርድሯል። «እኔ የቀባሁትን እኔው አነሣዋለሁ» አሉ። አኳራጁ ከበዛ የወረቀቱን ጽሑፍም ይዞት ይሄዳል፤ ስለዚህ ጥጡን ጫፉን ብቻ እየነከሩ፣ የሕፃን ዓይን እንደሚያብስ ሰው ያባብሱት ጀመር። መጀመሪያ የገዛ ቁጥራቸው ሟሸሸ። ቀጥሎ ነጩ ሳሳ። ከሥሩ ፊደል ብቅ ማለት ሲጀምር ወለላ አንድ በአንድ ትገለብጠው ጀመር። አንዲቷ ፊደል እስከ መጨረሻው ደብዛዛ ሆና ቀረች፤ ቢ ትሁን ስምንት አልለየላቸውም። ወለላ በስምንት ሞከረች፣ እምቢ አለ። በቢ ሞከረች፣ ተቀበላት።

ቁልፉን ቢቀበልም በዚያ አላበቃም፤ አካሉ ስለተለወጠ ባሕር ማዶ ላሉት የዊንዶውስ ሰዎች ደውላችሁ አስረዱ አለ። ከድጡ ወደ ማጡ። የሞባይል ኔትወርክ የሚገኘው በረንዳው ጥግ ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩ ያለው ውስጥ። ወለላ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ በረንዳ ቆመች፤ አቶ ገሰሰ ስክሪኑ ላይ የተዘረዘረውን ቁጥር በመስኮት ጮክ ብለው ያነቡላታል። ቁጥር ማንበብ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነውና አንድም አልሳቱ። ከወዲያ ያነሣው ሰው የኮምፒውተሩ አካል ለምን እንደተለወጠ ጠየቃት። ወለላ በተማሪ ቤት እንግሊዝኛዋ «እንዲፈጥን ነው» አለችው። ሰውየውም የማረጋገጫውን ቁጥር ይነግራት ጀመር። እሷ ተቀብላ ስትጠራ አቶ ገሰሰ መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ከመዳፋቸው እያየች አስገባችው፤ ኮምፒውተሩም ተከፈተ።

እልል አላለችም፤ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

አቶ ገሰሰ ግን ሥራ አልጨረሱም። ቁጥሩ የተፋቀ ንብረት አይረከቡም። ብሩሻቸውንና ቀይ ቀለማቸውን አምጥተው ሳጥኑ አጠገብ በርከክ አሉ፤ ብሩሹን እንዳነሡ ቀሩ። በኖሩበት ዘመን ማንንም ጠይቀውት የማያውቁትን ነገር ጠየቁ።

«የቱ ላይ ልጻፈው?»

ወለላ በሌላው ጎን ባዶውን ጥቁር ቦታ በጣቷ አሳየቻቸው። ጻፉ። ክሊራንሱ ላይም ፈረሙላት።

አቶ ሸዋዓለም ገቡ፤ የበራውን ስክሪን አይተው ፊታቸው ፈካ። «ጎበዝ! ታዲያ ይህን ከወለላ ሌላ ማን ያውቀዋል? ሌላ ቀንም እንዲህ ቢለን ምን እንሆናለን? ዝውውሩን ለጊዜው እናቆየዋ።»

ወለላ መከራከሪያ ፈለገች፣ ድካም ብቻ አገኘች።

«አይሆንም ጌታየ» አሉ አቶ ገሰሰ ከተንበረከኩበት ሳይነሡ። «ተረክቤአለሁ። ፊርማየም ወርዷል። በእጁ ንብረት የሌለን ሰው በምን አስቀረዋለሁ?»

«ቀለሙ እንኳ ገና አልደረቀም እኮ።»

«ይደርቃል።»

ኃላፊው አንዴ ቀለሙን፣ አንዴ ሽማግሌውን አዩ። አቶ ገሰሰ የፈረሙበትን መልሰው ሲሰርዙ ያየ ሰው በዚያ ግቢ የለም። አቶ ሸዋዓለምም ሊፈርሙላት እስክሪብቶ አወጡ።

ወለላ ሻንጣዋን ጭና አውቶብስ ውስጥ ሳለች ስልኳ ጮኸ። ቀኑ እሑድ ነበር።

«ኮምፒውተሩ ተሠራ?» አለች ቢታንያ።

«ተሠራ፣ የኔ እናት።»

ልጅቱ ያለ ቁጣ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ «አሁንስ ምንድን ነው የሚበላሸው?» አለች።

ወለላ በመስኮት ስታይ ሐሙሲት ገበያ ላይ ሰው ሽንኩርት ያራግፋል።

«ሐሙሲትን እያለፍሁ ነው» አለቻት። «አውቶብስ ውስጥ ነኝ።»

«ሐሙሲት የት ነው?»

«ወደ አንች ሲመጡ ነው» አለች ወለላ፤ ያን ጊዜ ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች።