በወለተ ሰንበት ስም

ኡርጂ ክርስትና ስሟ ሲጠራ ስትሰማ፣ መጀመሪያ የመሰላት በአጥቢያው ሌላ ወለተ ሰንበት እንዳለች ነው።

ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ገና አልተበተነም። ቄስ መልከጼዴቅ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው መስቀላቸውን ከፍ አድርገዋል።

"ስለታመመችው እኅታችን፣ ሦስት ልጆቿ ደጅ ደጁን ስለሚያዩላት ስለ ወለተ ሰንበት" አሉ።

"እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" አለ ሕዝቡ።

ከጎኗ ጎረቤታቸው አዴ ወርቅቱ፣ ያንን ወፍራም ገላቸውን ይዘው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ይሰግዳሉ። ተነሱ፣ ደግሞ ወደቁ። ኡርጂ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ቀረች። ሦስት ልጆች ያሏት እኅቷ ገለቴ ናት። ገለቴ ግን ክርስትና ስሟ ፍቅርተ ማርያም ነው። ወለተ ሰንበት ኡርጂ ራሷ ናት።

ነገሩ ያኔ ገባትና ፊቷ ጋለ።

የገለቴ ኩላሊቶች ሥራ ማቆማቸው የታወቀው በመስከረም መጀመሪያ፣ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ወድቃ ባሏ ደቻሳ በሚኒባሱ እንጦጦን አቋርጦ አዲስ አበባ ሆስፒታል ያደረሳት ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ደሟን ማሽን ያጥብላታል። ሽንቷ ቆሟል፤ የምትጠጣው ውሃ በሲኒ ይለካል። ያን ዕለት ኡርጂ ሐኪሟ የተናገረችው ገና ከጆሮዋ ሳይወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሳለ ስልኳ ጠራ። ቄስ መልከጼዴቅ ነበሩ። ወደ አጥቢያው ከመጡ ብዙ አልቆዩም፤ የገለቴ የነፍስ አባትም ካረፉ ቆይተዋል።

"በጸሎት ልናስባት ነው። ክርስትና ስም ንገሪኝ" አሏት።

ኡርጂ ከልጅነቷ ጀምሮ ካህን ክርስትና ስም ሲጠይቃት የምትመልሰው አንድ ስም ነው። አፏ የለመደውን ተናገረ። እሷ ምን እንደመለሰች እንኳ አላስተዋለችም።

ወዲያው ምርመራው መጣ። የኡርጂ ኩላሊት ለእኅቷ ይስማማል ተባለ፤ ደቻሳ የሐኪሟን እጅ ሊስም ምንም አልቀረውም ነበር። ሐኪሟ ግን ወረቀቱን ደግማ አየችና፣ "አንቺ ራስሽ ደም አንሶሻል፤ እንዲህ ሆነሽ ቢላ አላስነካሽም። ወር ሙሉ ክኒን ውሰጂ፣ ደህና ብዪ፣ ከዚያ እናያለን" አለቻት። ኡርጂ ከምትሠራበት የውሃ ፋብሪካ ፈቃድ ወስዳ አዲሱ ገበያ አክስቷ ቤት ከረመች። ሁለተኛው ምርመራ ማክሰኞ ነው። ደሟ አሁንም ካነሰ ተራው ለሌላ በሽተኛ ያልፋል፤ የገለቴ ልብ ደግሞ እየደከመ ነው፤ ሌላ ተራ እስኪደርሳት ትቆይ እንደሆነ እርግጠኛ የሚሆን ሰው የለም። ኡርጂ ዛሬ ወደ ሱሉልታ የመጣችው ለዚሁ ማክሰኞ ጸሎት ለመለመን ነበር።

ሕዝቡ መስቀል ተሳልሞ ወደ በሩ ሲያመራ ወደ ቄሱ ቀረበች።

"አባ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ገለቴ እንዴት ሰነበተች?"

"አባ፣ ወለተ ሰንበት ገለቴ አይደለችም።"

"ማን ናት ታዲያ?"

"እኔ ነኝ።"

ቄሱ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። "በስልክ የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ። ክርስትና ስም ሲሉኝ አፌ የራሴን ተናገረ።"

አዴ ወርቅቱ አንድ እግር ጫማቸውን አጥልቀው ሌላውን በእጃቸው እንደያዙ ቀረቡ። "ቆይ፣ ቆይ። ወር ሙሉ ጉልበቴ እስኪላጥ የሰገድኩት ላንቺ ነው?"

"አዎ፣ አዴ።"

"ምንም ላልሆንሽው?"

"አዎ።"

"ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ላንቺማ አንዲት ስግደት ትበቃሽ ነበር!" አሉና ዞረው ከኋላቸው የቆመውን ደቻሳን ያዙት። "አንተስ? እሑድ እሑድ እዚህ ተገትረህ ስትሰማ፣ የሚስትህን ክርስትና ስም አታውቅም?"

"እኔ ገለቴ ነው የምላት" አለ ደቻሳ።

"በተክሊል ስታገባት ካህኑ ሲጠሯት አልሰማህም?"

"ያን ቀን ምን ሰማሁ፣ አዴ! ጫማው ጠቦኝ ነበር።"

በዙሪያቸው የቆሙት ሳቁ። ኡርጂ ብቻ አልሳቀችም።

"ታዲያ ለገለቴ ማን ጸለየላት?" አለች።

ሳቁ ቆመ። ቄስ መልከጼዴቅ ወደ ኡርጂ ቀረብ አሉ። ሲናገሩም ቀስ ብለው ነው።

"እግዚአብሔር በስም አይሳሳትም ብዬ ላጽናናሽ እችላለሁ፤ እውነትም ነው። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ ይህን ወር እንዴት ከረምሽ?"

ይህን እስከ ዛሬ የጠየቃት አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ስለ ገለቴ ነው።

"ፈርቼ ነበር" አለች ኡርጂ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ቢላውን ፈርቼ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀንማ ስልኬን ዘግቼ ተጂ ከተማ ጓደኛዬ ጋ ልጠፋ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር፣ አባ። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ፍርሃቱ ተወኝ። ለምን እንደተወኝ እንጃ። ሻንጣዬን መልሼ ፈታሁት። መተኛት ጀመርኩ፤ መብላት ጀመርኩ።"

ደቻሳ አንገቱን ደፋ።

"ጠበሉስ?" አሉ አዴ ወርቅቱ በድንገት። "በየሳምንቱ በጄሪካን የላክሁትስ?"

"ገለቴ ውሃ ተከልክላለች፤ ከንፈሯን ብቻ ነው ያራሰችበት። የቀረውን... እኔ ጠጣሁት።"

"ጄሪካኑን?"

"ጠበል አይደፋም ብዬ።"

"ስግደቴንም ጠበሌንም!" አሉ አዴ ወርቅቱ። ሊስቁ ነበር፤ ግን እንባቸው ቀደማቸው። ጫማቸውን ጥለው አንገቷን አቀፏት።

ቄስ መልከጼዴቅ መስቀላቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። "ልጄ፣ ያንቺስ አፍ ነው የተሳሳተው፤ እኛ ግን በልባችን ተሳስተናል። ቢላው የሚነካው ሁለት ሰው መሆኑን እያወቅን ስም የጠየቅነው ለአንዷ ብቻ ነው። የምትሰጠዋን አላሰብናትም። ሳናስባት ታሰበች፤ እንዴት እንደሆነ እሱ ያውቃል። አሁን ግን የቀረውን እንሙላ።"

ዲያቆኑን ጠርተው ደወል እንዲደወል አዘዙ።

ያለ ሰዓቱ የተደወለ ደወል ሰው ያስደነግጣል። አስፋልቱ ዳር ሚኒባስ ሲጠብቁ የነበሩት ተመለሱ፤ ገበሬዎቹ ከፈረስ ጋሪያቸው ወረዱ። ቄሱ የሆነውን ሳይደብቁ ነገሯቸው። ከዚያ፣ "ስለ ፍቅርተ ማርያም፣ ስለ ወለተ ሰንበትም" አሉ። ግቢው ሙሉ ሰው አንድ ላይ መለሰ። አዴ ወርቅቱ እንደገና ወደ መሬት ወረዱ። ኡርጂ በዚህ ጊዜ ስሟ ሲጠራ አላፈረችም። ጉልበቷን አጠፈችና ከጎናቸው ሰገደች።

ማክሰኞ ሐኪሟ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበች።

"ምንድን ነው የበላሽው?"

"ክኒኑን አላቋረጥኩም። ጉበት በላሁ፣ ቀይ ሥር በላሁ።"

"ሌላስ?"

"ሌላውን ብነግርሽ ካርዱ ላይ የሚጻፍ አይደለም።"

ሐኪሟ ሳቀች። "ይሁን፤ ደምሽ ሞልቷል። ሐሙስ ትገባላችሁ።"

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱን እኅትማማቾች በየተሽከርካሪ አልጋቸው አስተኝተው አንድ ኮሪደር ላይ አቆሟቸው። ገለቴ ፊቷ አብጦ እጇ ግን እንጨት አክሏል። ያንን እጇን ዘረጋች።

"ኡርጂ፣ አሁንም ይቅርብኝ ማለት ትችያለሽ። አልቀየምሽም።"

"ዝም በይ" አለች ኡርጂ። "ጸሎትሽንም ጠበልሽንም ጨርሼብሻለሁ። ካንቺ ያልወሰድኩት የራሴን ኩላሊት ብቻ ነው፤ እሱን ሂጂና ውሰጂ።"

ገለቴ ሳቀች። ወር ሙሉ ስትስቅ ማንም አላያትም ነበር። እየሳቀች አስገቧት።

ኡርጂ ስትነቃ ጎኗ እንደ እሳት ይፈጃል፤ አፏ ደርቋል። ደቻሳ ከራስጌዋ ቆሟል፤ ስልክ በጆሮው፣ እንባ በጉንጩ። የሞተ ሰው ያለ መሰላትና ልትነሳ ሞከረች።

"ሸናች!" አለ ደቻሳ።

"ማን?"

"ገለቴ ናታ! ኩላሊትሽ ገና እንደተሰፋ መሥራት ጀመረ። በቱቦው ሲወርድ በዓይኔ አየሁት። ከረጢቱ ሞልቶ ቀየሩላት፣ ኡርጂ፣ ቀየሩላት!"

"ወንድሜ፣ ድምፅህን ቀንስ" አለችው ነርሷ፤ እሷም ግን ፈገግ ብላለች።

ደቻሳ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አደረገው። ከወዲያ በኩል የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነበር፤ ምእመናኑ ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ አልወጡም። ቄስ መልከጼዴቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ምእመናን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅታችን ፍቅርተ ማርያም..." አሉና ቆሙ። ካህን በደጀ ሰላም የሚናገረው ቃል እየፈለጉ ይመስላል።

"ምን ሆነች? ይንገሩን እንጂ!" የሚል የአዴ ወርቅቱ ድምፅ መጣ።

"ሸናች!" አሉ ቄሱ።

እልልታው ፈነዳ። የስልኩ ድምፅ እስኪሰነጠቅ፣ በአጠገባቸው የተኙት በሽተኞች ቀና ቀና እስኪሉ ድረስ ቀለጠ። በመካከሉ አዴ ወርቅቱ ይጮኻሉ። "ለሠርግ እልል ብያለሁ፣ ለጥምቀት እልል ብያለሁ፤ ለሽንት ግን ዛሬ ገና ነው! እሰይ! እሰይ!"

ከዚያ ስልኩን ከቄሱ እጅ ሳይቀበሉ አልቀሩም፤ ድምፃቸው ቀረበ።

"ደቻሳ! የእኔዋስ? የሰገድኩላትስ?"

ደቻሳ ስልኩን ኡርጂ ጆሮ ሥር አደረገላት።

"አለሁ፣ አዴ" አለች።

"ነቃሽ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?"

"ነቃሁ።"

አዴ ወርቅቱ ወደ ሕዝቡ ዞረው ሲጮኹ ተሰማ። "ሴቶች! የት ትሄዳላችሁ? ያ ለተቀበለችው ነበር። አሁን ለሰጠችው፤ እልል በሉ!"