ጌታውን ያልተከተለው ማጎሮኩ

የግዛታችን ጌታ በሳል በሽታ በሞቱ ጊዜ፣ ሳሙራይ ከሚባሉት ጦረኞቻቸው መካከል ሆዳቸውን በሰይፍ ቀደው የሚከተሏቸው እነማን እንደሆኑ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። አንዱ ጎረቤቴ ማጎሮኩ ነው። ጌታ ከችግር አንስተው ባልደራሳቸው ስላደረጉት፣ እርስዎ በሄዱበት እሄዳለሁ ብሎ ቃል ገብቶላቸዋል።

እናቱ ኢሶ ባሏ የሞተባት፣ ከእሱ ሌላ ልጅ የሌላት ሴት ናት። የጌታ አስከሬን ሳይነሳ፣ ማጎሮኩን የጥንቱን ጠቢብ የኮንፊሺየስን ትምህርት ወዳስተማሩት ወደ የኔታ ገንሳይ ሮጠች።

"መጽሐፉን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት፤ በመጽሐፉ ያስቁሙልኝ" አለቻቸው።

የኔታም አስጠርተውት፣ ገላ የወላጅ አደራ እንደሆነ፣ አደራ በላ ልጅ ደግሞ ለማንም ታማኝ ሊሆን እንደማይችል ነገሩት።

"ለጌታ የገባሁት ቃልስ፣ የኔታ?"

"እናትህ በሕይወት እያለች የምትሰጠው ነፍስ የለህም።"

ማጎሮኩ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፍቶ እጅ ነሳና ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሌሎቹ ሞቱ። እሱ ቀረ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሰላም የሚለው ጠፋ። አብሮት ያደገ አንድ ሳሙራይ ገበያ መሃል አስቁሞ፣ "እናትህ እስካሁን ጡት አላስጣለችህም እንዴ?" አለው። ማጎሮኩ መንገዱን ቀጠለ። ለእናቱ ሩዝ ይቀቅላል፣ እግሯን ያሞቃል፣ ከዚያ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ጌታ ግንብ ሲያይ ይውላል። ኢሶ ልጇ ቁጭ ባለበት ሲከስም አየች።

በረዶ መጣል ሲጀምር፣ እህል አልወርድ አለኝ ማለት ጀመረች። ሐኪሙ በሽታ አላገኘባትም። እኔም አጥሚት ይዤላት ስሄድ፣ ማንም የማያያት መስሏት በረዶው ላይ ስትደፋው አየኋት። ለማጎሮኩ ነገርኩት። አጠገቧ ተንበረከከ።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"አሰርኩህ፣ ልጄ። ልፈታህ ነው።"

"እኔ መች ፍቺኝ አልኩ?"

"አንተማ አላልክም። ፊትህ ነው ነጋ ጠባ የሚለምነኝ።"

በማንኪያ ሊያጎርሳት ሞከረ፤ ጥርሷን ገጠመች። ስታልፍ እጇ በእጁ ውስጥ ነበር።

ከቀብሯ በኋላ ጌታውን ሊከተል የሞት ልብሱን ነጭ ለብሶ የኔታን ሊሰናበት ሄደ። የኔታ እያለቀሱ ያዙት። ለእናት የሚገባው ሐዘን ሦስት ዓመት ነው፣ እሱን ሳይጨርስ የሚሄድ ልጅ ሁለት ጊዜ ይገድላታል አሉት። ማጎሮኩ መቃብሯ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ተቀመጠ።

ሐዘኑን ሳይጨርስ የአገሩ ሁሉ የበላይ ጦር ገዥ የሆነው የሾገኑ አዋጅ መጣ። ከእንግዲህ ጌታውን ተከትሎ የሚሞት ወንጀለኛ ነው፤ የጌታውም ቤት ይቀጣል ይላል። የሰማው ከእኔ ነው። መቃብሩ ላይ የበቀለውን አረም እየነቀለ ነበር።

"ታዲያ እናቴ ለምን ሞተች?" አለኝ።

ወደ የኔታም ሄዶ ይህንኑ ጠየቃቸው። እሳቸውም በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤታቸውን ዘጉ።

ማጎሮኩ ዛሬም አለ፤ ፀጉሩ ሸብቷል። የጌታን መቃብርና የእናቱን መቃብር እየጠረገ ይኖራል፤ የማንን እንደሚያስቀድም ግን እኔም ጠይቄው አላውቅም።