ያልተነካው አይብ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የእኔን ጉድ ግን ያመጣው ጥቅምት ነው። የወንድሜ ልጅ ዮኒ፣ እናቱ ከሞተች ጀምሮ በእኔ እጅ ያደገው፣ ባሕር ዳር የሆቴል ሙያ ተምሮ መጣና እዚሁ መካነ ኢየሱስ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተ። ይህ ጉድ አይደለም። ጉዱ የወደፊት አማቱን በአውራ ጣት ልክ በተቆረጠ አይብ ልቀበል ማለቱ ነው።

የሚወዳት ልጅ ሐረገ ወይን ትባላለች፤ ወገዳ ላይ ነርስ ናት። አባቷ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ የቅኔ መምህር ናቸው። ሽማግሌ ብንልክባቸው እሺም እምቢም አላሉም። «ልጁን በቤቱ ልየው፤ መልሴን እዚያው እሰጣለሁ። ቀኑን እናንተው ምረጡ» አሉ። ዮኒ ረቡዕም ዓርብም ያልሆነ፣ ጾም የሌለበት ብሎ ሐሙስን መረጠ። እኔም ደግ አደረግህ አልኩት።

«በግ እንረድ» አልኩት።

«እትዬ፣ በግ ማንም ያርዳል። እኔ ሙያዬን ነው የማሳያቸው።»

ሙያ የሚለው ወይንን ከአይብ ጋር ማዛመድ ነው። አይብ በማስወጣት ጨረሰኝ። አሬራውን አሙቄ ያወጣሁትን በነጭ ሻሽ ቋጥሬ ድንጋይ ጫንኩበት፤ አንዱን በጥቁር አዝሙድ አሸሁት፣ አንዱን በወይራ አጠንኩት፣ አንዱን ለጋውን እንዳለ ተውኩት። ይህ ሁሉ አንሶት ከአዲስ አበባ ሰማያዊ ሻጋታ የወረረው አይብ አስመጣ። እኔ የሻገተ እንጀራ ለከብት የምሰጥ ሴት፣ ለአማች ሻጋታ ላቅርብ!

«ለጋው ከነጩ ወይን፣ የታጠነው ከቀዩ፣ ይሄኛው ከጣፋጩ» እያለ እንደ ዳዊት ይደግምልኛል። እንግዳው ጠግቦ ይሄድ እንደሆን ግን አንዴም አልጠየቀም።

ሐሙስ ዕለት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ብቻቸውን መጡ። ዮኒ በአናጢ ያስላገውን የዋንዛ ጣውላ ተሸክሞ ብቅ አለ። አይቡ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ብሎበታል። ወይኑንም ከብርጭቆው ወገብ በታች ቀዳላቸው። እኔ አንገቴን ደፋሁ። በእኛ አገር ለእንግዳ አጉድሎ የሚቀዳ ሰው፣ ቶሎ ሂድልኝ ማለቱ ነው።

ዮኒ የትኛው ከየትኛው እንደሚሄድ ያስረዳ ጀመር። የኔታ በጥሞና ሰሙት፤ ወይራው እንዴት እንደሚጨስ እንኳ ጠየቁት። እጃቸውን ወደ ጣውላው ግን አልዘረጉም።

«ይቅመሱ እንጂ የኔታ» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ይቆየኝ።»

ይቆየኝ ምን ማለት ነው? ለጋውን አይብ ይዤ ተነሳሁና «በሞቴ» ብዬ ላጎርሳቸው ስል እጄን ቀስ አድርገው መለሱት። የተዘረጋ ጉርሻ መመለስ፣ ያውም መልስ በሚጠበቅበት ቤት! ዮኒ ፊቱ አመድ መሰለ። ልጁን እንዲያ ሳየው ደሜ ፈላ። አጠገቤ ያለውን ቀይ ወይን አንስቼ ጨለጥኩት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ወይንም ያወጣዋል።

«የኔታ፣ ልጃችንን ካልወደዱት በአፍዎ ይንገሩን» አልኩ። «አይቡ ትንሽ ነው፤ አውቃለሁ። ብርጭቆውም ጎደሎ ነው፤ አፍሬበታለሁ። ግን ይህ ልጅ እርስዎን ላክብር ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። ያጎረስኩዎትን መመለስ የት አገር የተማሩት ነው?»

ዮኒ «እትዬ፣ በማርያም ተይ» አለ። አልተውኩም። «ድሀ ብንሆን ነው?» ብዬ ጨመርኩበት።

የኔታ ጥፋት ላይ እንደተያዘ ሰው አቀረቀሩ። «ጽጌ ላይ ነኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የጽጌ ጾም። የእመቤታችንን ስደት እያሰቡ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ኅዳር መግቢያ በፈቃዳቸው የሚጾሙት ጾም። ግዴታ ስላይደለ እኔ አልጾመውም፤ ዮኒም ከነመኖሩ ረስቶታል። የቅኔ መምህር ግን ይጾመዋል ብሎ ማን አሰበ? ሐሙስ መረጥን ብለን የተኩራራነው በከንቱ ነው። ንዴቴ ግን ባሰ እንጂ አልበረደም።

«ታዲያ አስቀድመው አይነግሩንም? ሽሮ አይጠፋን!»

«በፈቃዴ የያዝኩትን ጾም በየሰው ቤት ላውጀው፣ ፀሐይነሽ?» አሉኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ጥቂት ብትታገሺኝ መልሴን ልናገር ነበር።»

ዮኒ ጣውላውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል «ተወው» አሉት። ብርጭቆአቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርገው አዩት።

«ወይኑ አያስገድፍም። ይህ ጉድለት ግን ምንድን ነው?»

«የቅምሻ ልኩ ነው የኔታ፤ ሽታው እንዲ...»

«ሙላው።»

ዮኒ እስከ አፉ ሞላው። የኔታ ተጎነጩና አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ኅዳር ስድስት ቁስቋም ናት፤ ጾሙ ይፈታል» አሉ። «ሐረገ ወይንን ይዤ መጥቼ እዚህ እፈስካለሁ፤ በዚሁ አይብ።»

ዮኒ ጉልበታቸውን ሊስም ሲደፋ በመቋሚያቸው ከለከሉት። «ቆይ። ያን ቀን እንዲህ ለወፍ እንደሚበተን በትነህ ብትጠብቀኝ፣ ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ወይኑን አንተ አዛምድ፤ አይቡን የምትቆርጠው እሷ ናት።» ወደ እኔ አመለከቱ።

ከሸኘናቸው በኋላ ዮኒ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። እኔ ገና እንደተናደድኩ ነበርኩ፤ በማን እንደሆነ ግን ጠፋኝ። የኔታ የመለሱትን ለጋ አይብ ከጣውላው ላይ አንስቼ አጎረስኩት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና፣ ደገምኩት።